የማን እናት ታልቅስ?

በ1991 ዓ.ም. የግጥም ዳኛ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ ሥነ ጽሑፍ የማስተምር፣ ‘ከእኔ ወዲያ አንባቢ ላሳር’ የምል ጎረምሳ መምህር። የባድመ ጦርነት የተፋፋመበት ጊዜ ነው፤ ሬዲዮ በከፈታችሁ ቁጥር ሽለላና ፉከራ። እናላችሁ፣ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ለተማሪዎች የግጥም ውድድር አዘጋጀና እኔንና ሁለት ባልደረቦቼን ለዳኝነት ጠራን። አበል ነበረው። ሻይና ኬክም ነበረው። አንደኛ ካወጣነው ግጥም ዛሬ አንድ ስንኝ እንኳ ትዝ አይለኝም፤ አንበሳ ነበረበት፣ ደም ነበረበት፣ የጠላት ሬሳ እንደ ነዶ ተከምሮበት ነበር። ቤት አመታቱ ግን እንከን አይወጣለትም።

እስከ ዛሬ ያልተወኝ የጣልነው ግጥም ነው። የጻፈችው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ልጇ የዘመተባት እናት በሌሊት ተነስታ ቅዱስ ጊዮርጊስን ‘ልጄን አደራ’ ትላለች። ከወንዝ ማዶ ደግሞ ሌላ እናት፣ የጠላት ወታደር እናት፣ በዚያችው ሰዓት ያንኑ ሰማዕት ስትማጸን ትሰማታለች። ግጥሙ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ ‘ርዕሱን ስታለች’ ብዬ ጻፍኩ፤ ፊርማዬንም አኖርኩበት።

ይህን የማወራው ንስሐ ልገባ ብዬ አይደለም፤ ጋዜጣ የንስሐ አባት ሆኖ አያውቅም። ነገሩን የቀሰቀሱብኝ የኢራቅ ልብ ወለዶች ናቸው። ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ በእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ጥቂት መጻሕፍት ላከልኝ (ዓረብኛ አላውቅም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ቢታዘበኝ እውነት አለው)። አንዱን ይዤ ሳለሁ፣ አንዲት የባግዳድ አሮጊት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጋር ስትሟገት አገኘኋት። ልጇ ሄዶ ያልተመለሰባት እናት ናት። መጽሐፉን አስቀምጬ ቀይ እስክሪብቶዬን አስታወስኩ።

እስቲ ስለ ኢራቅ እናውራ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

‘ካይሮ ትጽፋለች፣ ቤይሩት ታትማለች፣ ባግዳድ ታነባለች’ ይላሉ ዓረቦች። ባግዳድ ውስጥ በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ስም የተሰየመ የሙተነቢ ጎዳና አለ፤ ከዳር እስከ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ነው። ጎዳናው ላይ ከ1917 ጀምሮ ያለ ሻባንዳር የሚባል ሻይ ቤትም አለ፤ ባለቅኔውም ጋዜጠኛውም ጡረተኛውም የሚሰባሰብበት። የባግዳድ ሰው ዓርብ ዓርብ እዚያ መሄድ ልማዱ ነው።

አንባቢነት ግን ከመከራ አያስጥልም። ሳዳም ሁሴን በ1990 ኩዌትን ሲወር የተጣለው ማዕቀብ እስከ 2003 ዘለቀ። የመምህር የወር ደመወዝ ወርዶ ወርዶ ጥቂት ዶላር ሆነ። ያኔ ነው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የዕድሜ ልክ ቤተ መጻሕፍታቸውን አውጥተው ሙተነቢ አስፋልት ላይ ያሰጡት። አዲስ መጽሐፍ እንደ ልብ ስለማይገባ፣ በሆነ መንገድ አንድ ቅጂ የገባች እንደሆነ በፎቶ ኮፒ ተባዝታ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። የገዛ ፊርማው ያለበትን መጽሐፍ ሸጦ ለልጆቹ ዳቦ የሚገዛ መምህር ይታያችሁ። እኔ መምህር ስለነበርኩ ይሆናል፣ ከቦምቡ ይልቅ ይህ ነው የሚያመኝ።

ቦምቡም አልቀረም። የካቲት 2006 ሳማራ ላይ የሺዓዎች ቅዱስ ስፍራ ወርቃማ ጉልላቱ በፈንጂ ከተናደ በኋላ ሱኒና ሺዓ ለይቶለት ተላለቀ። ሰው በመታወቂያው ላይ ባለው ስም ይገደል ጀመር። መጋቢት 5 ቀን 2007 ደግሞ ሙተነቢ ላይ መኪና ፈንድቶ ቢያንስ 26 ሰው ገደለ። የሻባንዳሩ ባለቤት አራት ወንዶች ልጆቹንና አንድ የልጅ ልጁን በአንድ ቀን አጣ። ሻይ ቤቱን ግን መልሶ ከፈተው፤ ‘የሰማዕታት ሻይ ቤት’ የሚልም ጨመረበት።

እዚህ አገር ጸሐፊ ምን ይጽፋል? ለዚህ ጥያቄ መጀመሪያ የመለሰው መንግሥት ነው። ከ1980 እስከ 1988 ከኢራን ጋር በተደረገው ጦርነት፣ የባህልና ማስታወቂያ ሚኒስቴር ለጦርነት ልብ ወለድና አጭር ልብ ወለድ ውድድር ያዘጋጅ፣ ገንዘብ ይሸልም፣ መጽሐፉንም ራሱ ያሳትም ነበር። ተከታታይ ኅትመቱ ‘የሳዳም ቃዲሲያ’ ተባለ። ቃዲሲያ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ዓረቦች ፋርስን ድል የነሱበት ውጊያ ነው፤ ሰውየው የራሱን ጦርነት በዚያ ስም ጠራው። የጻፉት ሁሉ አድርባዮች ነበሩ ልል አልደፍርም። ፈርቶ የሚጽፍ አለ፣ ርቦት የሚጽፍ አለ፣ ከልቡ አምኖ የሚጽፍም አለ። ግን ውድድር ካለ ዳኛ አለ። ዳኛ ካለ ደግሞ ‘ርዕሱን ስቷል’ የሚባል ሰው አለ። ይህን ሳነብ ሻይና ኬኩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

(በ2000 ሰውየው ራሱ ‘ዘቢባና ንጉሡ’ የሚል ልብ ወለድ ያለ ስም አሳተመ። ደራሲው ማን እንደሆነ ያልገባው ሐያሲ የነበረ አይመስለኝም።)

ትልልቆቹ ገጣሚዎችስ? ባድር ሻኪር አል-ሰያብ በ1964 ኩዌት ሞተ። ጀዋሂሪ በ1997 ደማስቆ፣ በያቲም በ1999 ደማስቆ። የዓረብኛን ግጥም ከጥንት ምጣኔው ካላቀቁት ግንባር ቀደሞች አንዷ የነበረችው ናዚክ አል-መላኢካ በ2007 ካይሮ አረፈች። አንዱ በሕመም፣ አንዱ በስደት፤ ሰበቡ ይለያይ እንጂ የአገሪቱ ቅኔ በሰው አገር ነው ያለፈው።

አሁን ወደ ልብ ወለዶቹ ልግባ። ሲናን አንቱን በ2004 ያሳተማት ‘ኢዕጃም’ የምትባል ትንሽ መጽሐፍ አለች። ዘመኑ የኢራኑ ጦርነት ነው፤ አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በመሪው ላይ ቀልዷል ተብሎ ይታሰራል። እስር ቤት ውስጥ የሚጽፈው ግን ነጥብ በሌላቸው ፊደላት ነው። የዓረብኛ ፊደል ነጥቡ ከተነሳ ብዙው ሆሄ መንታ ይሆናል፤ አንዱ ቃል ሙገሳም ስድብም ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ጽሑፉ ከደኅንነት ቢሮ ይገኝና አንድ ሠራተኛ ነጥብ እየጨመረ እንዲያስነብበው ይታዘዛል። መጽሐፏ ይህች ናት። ሠራተኛው አሻሚ ቃል በገጠመው ቁጥር ከግርጌ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ማስታወሻው ደግሞ ከጽሑፉ ይበልጥ ያጋልጣል።

እኛ ይህን ለመረዳት ቅርብ ነን። ሰምና ወርቅ አለን፣ ላልቶና ጠብቆ የሚነበብ ፊደልም አለን። ‘የሚበላው’ ብላችሁ ጻፉና በሉት የተባለውንና የሚበላውን ለዩልኝ እስቲ! በጽሑፍ ያው አንድ ናቸው። አንቱን ያየው ይህንኑ ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን የመጨረሻውን ነጥብ የሚያኖረው ጸሐፊው ሳይሆን አንባቢው ነው፤ ለዚህም ነው መንግሥት ከጸሐፊው እኩል የራሱን አንባቢ የሚቀጥረው።

ከሁሉ ይበልጥ የቆየሁበት ግን የአሕመድ ሳዓዳዊ ‘ፍራንከንስታይን በባግዳድ’ ነው። በዓረብኛ በ2013 ወጥቶ፣ በማግሥቱ ዓመት የዓረብኛ ልብ ወለድ ዓለም አቀፍ ሽልማትን አገኘ። ጊዜው 2005 ነው። ሰፈሩ ባታዊን፤ በ1950 እና 1951 ከኢራቅ ከወጡት ወደ 120,000 የሚጠጉ አይሁዶች የቀሩ አሮጌ ቤቶች ያሉበት። ከእነዚህ በአንዱ ፍርስራሽ ውስጥ ሃዲ የሚባል ሰው ይኖራል። ሥራው ያረጀ ዕቃ እየዞረ መግዛትና መሸጥ፣ በእኛ አማርኛ ቆራሌው ነው። ጎረቤቱ ያቺ አሮጊት፣ ክርስቲያኗ ኤሊሽቫ።

የሃዲ ጓደኛ በፍንዳታ ይሞታል። ሬሳውን ሊወስድ ሲሄድ የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ሁሉም ተቀላቅሏልና ከዚያ እጅ ከዚህ እግር እየለቀምክ አንድ ሰው የሚያህል ይዘህ ሂድ ይለዋል። ቆራሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየፍንዳታው ቦታ የሰው ብልት እየሰበሰበ በመርፌና በክር ይሰፋል። ዓላማው ክፉ አይደለም። ሙሉ ሰው ካከለ እንደ ቆሻሻ አይጣልም፤ እንደ ወግ ማዕረጉ ይቀበራል ብሎ ነው። እናላችሁ፣ የአንድ ሟች የሆቴል ዘበኛ ነፍስ ማረፊያ አጥታ ስትንከራተት ስፌቱ ውስጥ ትገባለች። ሬሳው ተነስቶ ይሄዳል። የባግዳድ ሰዎች ስም ሲያጡለት፣ እኛ ‘እንትና’ እንደምንለው ባለ ቃል ይጠሩታል።

እንትና ሥራ አለው፤ እያንዳንዱ ብልቱ ለገዳዩ በቀል ይጠይቃል። የኤሊሽቫ ልጅ ዳንኤል በኢራን ጦርነት ነው የቀረው፤ ጎትቶ የላከው የሰፈሩ የፓርቲ ሰው፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነው። (የቀበሌ አፈሳን የምታስታውሱ፣ ይህን ሰውዬ ታውቁታላችሁ።) አሮጊቷ እንትናን ስታየው ‘ዳንኤል መጣ’ ብላ ታለብሰዋለች፤ እሱም ሽማግሌውን ፀጉር አስተካካይ ይገድልላታል። አንባቢ እዚህ ላይ በልቡ ‘ይበለው!’ ማለቱ አይቀርም። እኔ ብያለሁ።

የደራሲው ብልሃት የሚገለጠው ከዚህ በኋላ ነው። ደሙ የተመለሰለት ብልት ይበሰብስና ይወድቃል። እንትና እንዳይፈርስ አዲስ ሥጋ ይፈልጋል። በመጀመሪያ የንጹሐን ሥጋ ብቻ ነበር የሚሰፋው፤ እየቆየ የወንጀለኛም ይገባበታል። አንድ ቀን ዓይኑ ሲፈስበት መንገድ ላይ ያገኘውን ምንም ያላደረገ ሽማግሌ ለዓይኑ ሲል ይገድላል፤ ምክንያትም ይፈልግለታል። ጠላት በማለቁ ፈንታ ገዳዩ በመበስበሱ ምክንያት የሚቀጥል በቀል! እኔ ስለ ቂም ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ አሠራሩን ግን እንዲህ ፈታትቶ ያሳየኝ የለም።

ከተከታዮቹ አንዱ ዕብድ ደግሞ ሌላ ነገር ይላል። ይህ ፍጡር ከሁሉም ዘር፣ ከሁሉም ጎሳ፣ ከሁሉም መደብ ስለተሰፋ የመጀመሪያው እውነተኛ የኢራቅ ዜጋ እሱ ነው ባይ ነው። ሳቅኩ፤ ከዚያ አቆምኩ። ከ2003 በኋላ የኢራቅ መንግሥት የቆመው ‘ሙሃሳሳ’ በሚሉት ድርሻ ነው። በልማድ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሺዓ፣ ፕሬዚዳንቱ ኩርድ፣ አፈ ጉባኤው ሱኒ ይሆናል። ከዚያ በታች ሚኒስቴሩም በዚሁ ይሸነሸናል። ሁሉም ብልት ተወክሏል። ግን እያንዳንዱ ብልት የራሱን ደም እንጂ የአካሉን ጤና አይጠይቅም። ሳዓዳዊ ይህን በግልጽ አልጻፈም፤ ስፌቱን አሳይቶ ዝም አለ።

እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ወደ መካከሉ ይላላል። ጋዜጠኛው ማሕሙድ የአለቃውን ሴት ወዳጅ እያሰበ የሚንከራተትባቸው ገጾች ሲያስጠብቁኝ ነበር። ወንጀል ሳይፈጸም በኮከብ ቆጣሪ ሊደርስበት የሚሞክረው የመንግሥት መምሪያ ግን ያስቃል፤ ሳቁም ቶሎ አይለቅም።

አንቱን በ2010 ያወጣው፣ ራሱም ‘ሬሳ አጣቢው’ ብሎ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ልብ ወለድ ከዚህ በተቃራኒ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ጀዋድ የሺዓ ገናዥ ልጅ ነው፤ አባቱ የዘር ሙያውን ሊያወርሰው ሲፈልግ እሱ ቅርጻ ቅርጽ ይማራል። ማዕቀቡ ሥነ ጥበብን እንጀራ እንዳትሆን አደረጋት። አባት ይሞታል፣ ከ2003 በኋላ ሬሳው ይበዛል፣ ቀራፂው ወደ ማጠቢያው ይመለሳል። በቁርቁራ ቅጠል፣ በካፉር፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ። አንዳንዴ የሚያመጡለት ጭንቅላት ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ስም የሌለው ሰው። ውሃው ወርዶ ደጅ ያለችውን ሮማን ያጠጣታል። አባትየው ፍሬዋን ይወዳል፤ ጀዋድ የምን ውሃ እንደምትጠጣ ካወቀ ወዲህ አይቀምሳትም።

እዚህም ቅሬታ አለኝ። ቅዠቱ በዛ፤ አንዱ የሌላውን ኃይል ይቀማል። ሴቶቹም ተራ በተራ እየሄዱ ጀዋድን ብቻውን ለማስቀረት የተፈጠሩ ይመስላሉ። ግን ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር አየሁ። ቆራሌውም ገናዡም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ የማይታወቅን ሟች ወግ ባለው መንገድ ሊሸኙ ይፈልጋሉ። የቆራሌው ሬሳ ‘ማን ገደለኝ?’ ብሎ ተነሳ። የገናዡ ሬሳ ታጥቦ ተቀበረ። ልብ ወለዱ የሚጥመው የመጀመሪያው ነው፤ ሰፈሬ ውስጥ እንዲኖር የምመኘው ሰው ግን ሁለተኛው ነው።

ሐሰን ብላሲምን በአጭሩ ልንካው። ፊንላንድ የሚኖር፣ ምላሱ የማይመለስ አጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። አንዱ ታሪኩ ስዊድን ባለ የስደተኞች መቀበያ ውስጥ ይጀምራል፤ እዚያ ሰው ሁሉ ሁለት ታሪክ አለው ይላል፤ ለመዝገብ የሚነገረውና በሆድ የሚቀረው። የእኛም ልጆች ‘ኬዝ’ የሚሏትን ያሰበ ይገባዋል። ባለታሪኩ የአምቡላንስ ሾፌር ነው። ታጣቂዎች አግተው፣ አንዱ ቡድን ለሌላው እያሻገረው፣ በየቪዲዮው ሌላ ሌላ ወንጀል እንዲናዘዝ ያደርጉታል። መጨረሻ ላይ የትኛው እውነት እንደሆነ እኛም አናውቅም። ብላሲምም በ2014 እንግሊዝ አገር ትልቅ ሽልማት ተሸልሟል። እዚህ ላይ የሆነ ነገር ይከነክነኛል። የሳዳም ሚኒስቴር የጀግና ሬሳ ይገዛ ነበር፤ የውጭው የመጽሐፍ ገበያ ደግሞ የተጎጂ ሬሳ ይወዳል። የፍቅርና የሠርግ፣ የጎረቤትና የቡና ታሪክ የጻፈ ኢራቃዊ ምን ያህል ተተርጉሟል? ዳኝነት ቦታውን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ይህን ሁሉ ሻይ እየጠጣን ለአንድ ወዳጄ ሳወራለት፣ “ተወኝ እስቲ! መጽሐፍ ጥይት አቁሞ ያውቃል?” አለኝ። አያቆምም። ሚያዝያ 2003 የባግዳድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ሲዘረፍና ሲቃጠል አንድም መጽሐፍ ራሱን አልተከላከለም። ከ2014 ጀምሮ እስላማዊ መንግሥት ነኝ ባዩ ቡድን ሞሱልን ይዞ በቆየበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወድሟል።

ግን ጥቅምት 2019ን እዩ። የባግዳድ ወጣቶች ታህሪር አደባባይ ወጡ። ብዙዎቹ ሥልጣኑን ይዘውልናል ከሚባሉት ከሺዓዎቹ ሰፈር ነበሩ፤ የጮኹት ‘አገር እንፈልጋለን’ ብለው ነው። የቆሰለውን የሚያመላልሱት ባለ ሦስት እግር፣ እኛ ባጃጅ የምንላት ናት። የራሳቸውን ጋዜጣ ማተም ሲጀምሩ ስሙን ‘ቱክቱክ’ አሉት፤ ባጃጅ እንደማለት። ከ500 የማያንሱ ሰዎች ተገደሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ፣ ድርሻው ግን ዛሬም አለ። እነዚያን ልጆች ልብ ወለድ አስወጣቸው አልልም፤ ሥራ ማጣትና ምሬት ነው ያስወጣቸው። የጠየቁት ግን የሳዓዳዊ ዕብድ የተናገረለትን ዜጋ ነው፤ ከሬሳ ያልተሰፋውን።

እኛም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ተዋጋን፤ ከዚያ ወዲህም በየአቅጣጫው ጠመንጃው አላረፈም። በእነዚህ ዓመታት በስልክም በቴሌቪዥንም የሰማኋቸው ስንኞች፣ በየወገኑ፣ ብዙዎቹ የ1991ዱን ሽልማት ያለ ጥርጥር ይወስዱ ነበር። አንበሳው አለ፣ ደሙ አለ፣ ነዶው አለ። ለዳኝነት የጠራኝ የለም። ቢጠሩኝ እምቢ እል ነበር ብዬ ግን አልምልም፤ ሰው ራሱን የሚያውቀው ሲጠራ ነው።

ያቺ ተማሪ የት እንዳለች አላውቅም። ወረቀቱም የለኝም። ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አስተያየት ስትሰጥ አላየሁም፤ ያኔ ግን ይህን አላስተዋልኩትም ነበር። ኤሊሽቫ በመጨረሻ አውስትራሊያ ያሉ ሴት ልጆቿ ዘንድ ትሄዳለች፤ ባታዊንም ስለ ጠፋ ልጁ ከሰማዕቱ ጋር የሚሟገት ሰው አጣ። የእኔይቱም ምናልባት እንዲሁ ሄዳ ይሆናል።

ከእናንተ መካከል ለዳኝነት የምትጠሩ ትኖሩ ይሆናል፤ ውድድር በዚህ አገር ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ነገር ልለምናችሁ። አሸናፊውን ከመረጣችሁ በኋላ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ፣ የጣላችሁትን ክምር አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት። አበሉ አይቀንስም።

ቸር ሰንብቱ።